ዶርካስ የጨመረቻቸው አሥር ቀናት

የለንደኑ ሰው ከበሩ ጉበን ሥር ዝቅ ብሎ ሲገባ ዶርካስ ሃልሳል መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን በብብቱ የያዘውን የቆዳ ቦርሳ ነበር። እንዲህ ያለ ቦርሳ የያዘ ሰው አንድ ቀን ደጇን እንዲያንኳኳ ሃያ ስድስት ዓመት ጸልያለች። የጸለየችለት ሰው ሲመጣ ግን ልቧ ደስ በማለት ፈንታ ድንግጥ አለ። ስትፈትለው የነበረው የተልባ ክር ከእጇ ላይ ተበጠሰ።

ጃስፐር ቶርንሂል ይባላል። ዕድሜው ከሠላሳ አይበልጥም፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል። ረግረጉ ፈረሱን ሊውጥበት እንደነበር እየሳቀ ነገራት።

«የመንደሩን ሰው ለምዶታል ጌታዬ» አለችው። «እንግዳ ሲያይ ነው አፉን የሚከፍተው።»

ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ የአጃ ቂጣ፣ አይብና ቢራ አቀረበችለት። ሰውየው ቂጣውን እየቆረሰ ቤቱን በዓይኑ ይቃኝ ነበር። ዓይኑ በደቡብ በኩል ባለችው ጠባብ መስኮት ላይ ሲያርፍ «እዚህ ነበር?» ብሎ ጠየቃት። እሷም አዎ አለች። መስኮቷ የእንጨት መዝጊያ አላት፤ በመዝጊያው መሐል ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ቀዳዳ አለ። በክረምት ነፋስ እየገባበት ቢያስቸግርም ዶርካስ አንድ ቀን እንኳ ልትደፍነው አልሞከረችም። ቀዳዳውን የቦረቦረው ወንድሟ አምብሮዝ ነበር።

አምብሮዝ በሃያ ሦስት ዓመቱ ነው የሞተው። ሰኞ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ፤ ሐሙስ ቀበሩት። የሰማይን ነገር ያስተማረው ሰው የለም። ሦስት መጻሕፍት ተውሶ፣ እነሱን ገልብጦ፣ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉትን ስህተቶች ራሱ አግኝቶ አረመ። ዶርካስም እሱ ሲያሰላ ከትከሻው ኋላ ቆማ እያየች ተማረች፤ የፕላኔቶቹን ቁጥር እሱ ሲደምር እሷ ታመሳክር ነበር። የሆልምሳይድ መንደር ሰው ግን ስለ አምብሮዝ የሚያስታውሰው አንዲት ቀልድ ብቻ ነበር፤ «የሃልሳል ልጅ ፀሐይን እንደ ላም ሲጠብቅ ጠፍታበት ሞተ» ይባላል። ቀልዱን የፈጠሩት ሰዎች ከሞቱ በኋላ እንኳ ልጆቻቸው ይናገሩታል።

እሷ ደግሞ የምታስታውሰው ሌላ ነው። ንጉሡና ፓርላማው ከመጣላታቸው በፊት በነበረ አንድ መከር፣ አምብሮዝ ለፀሐይ ከሁሉም የምትቀርበው ትንሿ ፕላኔት፣ አጣርድ፣ በፀሐይ ፊት ላይ የምታልፍበትን ቀን አስልቶ አገኘ። በዚያ ቀን ክፍሉን አጨልሞ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን በመዝጊያው ቀዳዳ አሳልፎ፣ የፀሐይን መልክ በወረቀት ላይ ጣለው። በዚያ የብርሃን ክብ ውስጥ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያለች ጥቁር ነጥብ ስትሄድ አየ። ያየውን ከነሰዓቱ ጻፈ። በመላው እንግሊዝ ከእሱ በስተቀር ፈልጎ ያያት አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወታደሮች ቤታቸው ውስጥ አሥራ አንድ ቀን አደሩ፤ የአምብሮዝን ወረቀቶች ለምድጃና ለትንባሆ ማቀጣጠያ አደረጓቸው። የተረፈው ዶርካስ በአጃ ዱቄቱ ጎታ ሥር የቀበረችው ብቻ ነው፤ በአምብሮዝ እጅ የተጻፉ አርባ ቅጠሎችና ስለ አጣርድ የጻፈውን እሷ በራሷ እጅ የገለበጠችበት አንድ ቅጠል። የዚያ ቅጠል ዋናው ጽሑፍ በወታደሮቹ እጅ ነደደ። ከሦስት ዓመት በፊት የደብሩ ቄስ ብሬርሊ ወረቀቶቹን ለንደን ላሉ ሊቃውንት ላከላት። ቶርንሂል ከሊቃውንቱ አንዱ ነው።

«አሁን የመጣሁት ለደስታ አይደለም» አለ ቶርንሂል፣ አፉን ጠርጎ። ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ደብዳቤ አወጣ።

ነገሩን ረጋ ብሎ ነገራት። ከባሕር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ሊቅ አጣርድን በፀሐይ ላይ ያዩ ሰዎችን ሁሉ ስም በመጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ቶርንሂል የአምብሮዝን ጽሑፍ ላከለት። በመላኩ ጊዜ ግን ቀኑን ወደ እነሱ አቆጣጠር መለሰው፤ እነሱ አዲሱን የቀን አቆጣጠር ከተቀበሉ ወዲህ ከእንግሊዝ በአሥር ቀን ይቀድማሉና። እሁዱ ያው እሁድ ነው፤ ቁጥሩ ነው የሚለየው። በዶርካስ ግልባጭ ላይ ያለው ቀን ኖቬምበር አራት ነበር። ቶርንሂል አሥር ጨምሮ ኖቬምበር አሥራ አራት ብሎ ላከው።

«ሊቁ ምን ብሎ እንደመለሰ ልንገርዎት?» አለና ከደብዳቤው አነበበላት። አጣርድ በፀሐይ ላይ ያለፈችው በእኛ አቆጣጠር በኖቬምበር አራት ነው፤ እዚህ ሁለት ሰዎች አይተዋታል። በአሥራ አራተኛው ቀን ከፀሐይ ርቃ ሄዳለች። የእናንተ ወጣት ያየው በፀሐይ ላይ አልፎ አልፎ ከሚታዩት ጥቁር ጉድፎች አንዱን ነው። ጉድፍን ከፕላኔት ያልለየ ሰው ደግሞ ሌሎቹ አርባ ቅጠሎቹም አይታመኑም። በሰላም ይረፍ።

ዶርካስ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ከሽርጧ ሥር ከተተችው።

«እኔም አስቤዋለሁ» አለ ቶርንሂል። «ምናልባት ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ከመጀመሪያው በእነሱ አቆጣጠር የተጻፈ ይሆን እንዴ? ብዬ ጻፍኩለት። ሊቁ ሳቀብኝ። ትክክለኛው ቀን ከተነገረ በኋላ፣ እኔም በዚያ ቀን ነው ያየሁት ማለት የማይችል ማን አለ? አለኝ። እውነቱን ነው። ሌሎቹ ቅጠሎች ሁሉ የተጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ላንክሻየር ረግረግ ውስጥ ተቀምጦ በባሕር ማዶ ቀን የሚጽፍ ማን ነው?» ደብዳቤውን አጥፎ አያት። «እመቤት፣ ከዋናው ላይ እንዳለ ነው የገለበጡት?»

ዶርካስ ቂጣው እንዳያርርብኝ ብላ ብድግ አለች። ምድጃው ላይ ቂጣ አልነበረም።

ጀርባዋን ሰጥታው እሳቱን ስትቆሰቁስ የዚያ ጸደይ ነገር እንደ ትናንት ታያት። ወንድሟ ከሞተ ሦስተኛ ወሩ ነበር፤ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ። ጽሑፉን ለባሕር ማዶ ሊቃውንት ልትልክለት ነበር የገለበጠችው። አምብሮዝ በሕይወቱ «እነሱ በአሥር ቀን ይቀድሙናል ዶርካ፣ አትርሺ» እያለ ይነግራት ስለነበር፣ አንባቢዎቹ እንዳይቸገሩ ብላ ኦክቶበር ሃያ አምስት የሚለውን ወደ ኖቬምበር አራት ለወጠችው። በዳር በኩል ምንም ምልክት አላደረገችም። ያን ቀን ወንድሟን እንደጠቀመችው አስባ ተደስታ ነበር። የሚወስድላት ሰው ግን ሳይገኝ ጦርነቱ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቀኑን መለወጧን ረሳችው ማለት አይቻልም፤ ነገር እንደሚያመጣ ነው ያላወቀችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

«ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የተጻፈ ሌላ ነገር ካለ» አለ ቶርንሂል ከኋላዋ፣ «ማንም ሰው ትክክለኛውን ቀን ሳያውቅ በፊት የጻፈው፣ ብጣሽም ቢሆን፣ እሱ ያድነዋል። እኔ ቄሱ ቤት ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ። ምንም ካልተገኘ ስሙ ከመጽሐፉ እንዲወጣ ተስማምተናል ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ ማድረግ አልችልም።»

ሐሙስ ነበር። ሰውየው ከሄደ በኋላ ዶርካስ የአጃውን ጎታ ገለበጠችው። ፍራሹን ተረተረች። ከጣሪያው ሣር ሥር እጇን አስገብታ እስከ ክንዷ አቧራ ለበሰች። ወረቀት እንደሌለ ታውቅ ነበር፤ እጇ ግን ሥራ መፍታት አልቻለም። ሰውየውን ተከትላ ሄዳ፣ እኔ ነኝ የለወጥኩት፣ ለማለት ሁለት ጊዜ እስከ አጥሩ በር ደረሰች፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰች። ብትናገርስ ምን ይጠቅማል? አሁን ቀኑ ሲነገራት ነው ትዝ ያላት ይላሉ። ደግሞም አንድ ቁጥር የለወጠች እጅ ሌላውን ላለመለወጧ ማን ይመሰክራል?

ወደ ማታ ላይ ደወሉ ተደወለ፤ የተለመደው የማታ ደወል። ያን ጊዜ ነው ሌላ ደወል ትዝ ያላት።

አምብሮዝ አጣርድን ያያት እሁድ ነበር። ፀሐይና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጊዜ ጠሩት። አባታቸው ተቆጣ፣ እናታቸው አለቀሰች፣ አምብሮዝ ግን ከመስኮቱ አልነቃነቅም አለ። ዶርካስን ጎትተው ወሰዷት፤ ስለዚህ ነጥቧን አላየቻትም። ሁልጊዜ እሷ ነበረች ሰዓቱን ጮክ ብላ የምትቆጥርለት፤ ያን ቀን ብቻውን ቆጠረ። ሁለተኛው ደወል ሲደወል ገበዙ ሂዩ ፋዛከርሊ የሃልሳልን ወንበር ቆጥሮ አንድ ሰው መጉደሉን አየ። በአገሩ ደንብ ከእሁድ ጸሎት የቀረ ሰው በገበዞቹ ይከሰሳል። ሂዩ ዱላውን ይዞ ወጣ። ስብከቱ ሲጋመስ ተመለሰ፤ አምብሮዝን ከፊቱ እየነዳ። ጸሎቱ አልቆ ወንድሟ እየሮጠ ቤት ሲደርስ ፀሐይ በደመና ተሸፍናለች። ነጥቧ ከፀሐይ ፊት ስትወጣ የማየት ዕድሉ በዚያው ቀረ።

ሂዩ ክሱን በገበዞቹ መዝገብ ጻፈው። በሚቀጥለው እሁድ ቄሱ ለሕዝቡ ሁሉ አነበበው። አባታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን ቀና አድርጎ አልሄደም። ዶርካስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሂዩ ፋዛከርሊ ጋር ሰላምታ ተለዋውጣ አታውቅም።

መዝገቡ አሁንም በደብሩ ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱ በቄሱ፣ ሁለቱ በሁለቱ ገበዞች እጅ። ሦስቱ ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። አንደኛው ገበዝ ወፍጮ ፈጪው ፒርስ ነው፤ እሱ ቢራ ከተጋበዘ የራሱን በርም ነቅሎ ይሰጣል። ሁለተኛው ግን ዛሬም ሂዩ ፋዛከርሊ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ሥራውን የሚቀበለው ስላልተገኘ እንደያዘው ቀርቷል።

አርብ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ሄደች። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ቆመች። ሽማግሌው በበሩ ላይ ተቀምጦ የዝይ ላባ ይነጭ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ወደ ዝይው ተመለሰ።

«ሰው ሞቷል ወይስ ቤቴ እየነደደ ነው?» አለ። «ያለዚያ አንቺ እዚህ አትመጪም።»

«ቁልፍዎን ፈልጌ ነው አያ ሂዩ።»

«ሃያ ስድስት ዓመት ስታልፊኝ ዓይንሽ ግድግዳ ላይ ነበር። ግድግዳው ቁልፍ የለውም?»

እዚያው ቆማ ሁሉንም ነገረችው። የሊቁን ደብዳቤ፣ የወንድሟ ስም ሊፋቅ መሆኑን፣ መዝገቡ ብቻ እንደቀረ ነገረችው። አንድ ነገር ብቻ አስቀረች፤ ቀኑን የለወጠችው እሷ መሆኗን። ሂዩ ላባውን መንጨት አቆመ። ያን ጊዜ ሌላ ፍርሃት ገባባት፤ ይህ ሰው መዝገቡን አቃጥሎት ይሆን?

«ያን ጽሑፍ አንቺ ትፈልጊዋለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም» አለ በመጨረሻ።

«አለ ወይስ የለም?»

«ልጁ ሲሞት ሄጄ...» ብሎ ጀመረና ተወው። «ቀትር ላይ እመጣለሁ። ፒርስን ቢራ ሳይጠጣ ጥሪው፤ ከጠጣ ቁልፉን የት እንዳኖረ አያውቅም።»

ከጠዋት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ ለዶርካስ አንድ ዓመት ሆነባት። ልጁ ሲሞት ሄጄ ምን? ቀደደው? ፋቀው? ፒርስን ጠርታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ስትመላለስ ቄስ ብሬርሊ አይቷት ቶርንሂልን ይዞ ወጣ። ፒርስ ዱቄት እንደለበሰ መጣ። ሂዩ በዱላው እየተደገፈ የመጨረሻ ደረሰ። ሦስቱ ቁልፎች ተራ በተራ ገቡ። የሂዩ ቁልፍ ዝጎ ስለነበር አልዞር አለ፤ ፒርስ የዝይ ስብ እንኳ ቢቀባው ብሎ ሊቀልድ ሲጀምር የሌሎቹን ፊት አይቶ ተወው። ሽማግሌው በሁለት እጁ ይዞ ሲታገለው ዶርካስ የራሷ ጣቶች ሲያምሟት ተሰማት። ቁልፉ ቀጭ አለ።

መዝገቡ ከታች ነበር። ቄሱ ቅጠሎቹን ገለጠ፤ ዓመቱን አገኘ፤ ወሩን አገኘ። ከዚያ ቆመ።

በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ፣ በቅጠሉ መሐል ላይ፣ አራት ጣት የሚያህል ሌላ ወረቀት ተለጥፏል። በላዩ ምንም አልተጻፈም።

ዶርካስ በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለ ሂዩ። ድምፁ እንደ ወትሮው ሻካራ ነበር፤ ማንንም ግን አላየም። «በተቀበረ ማግስት። ሙት በመዝገብ ሲከሰስ መኖሩ ደስ አላለኝም። መቅደድ ደግሞ የደብር መዝገብ ነው፣ ኃጢአት ነው። በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት።»

ቄሱ በጥፍሩ ጠርዙን ሞከረ። ሙጫው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ከተላቀቀ ሥሩ ያለውን ጽሑፍ ይዞ ይወጣል። ቶርንሂል በእርጥብ ጨርቅ እንሞክረው አለ። ዶርካስ ብድግ ብላ መዝገቡን ከእጃቸው ወሰደችው። ማንም አልከለከላትም። በደቡብ በኩል ወዳለው መስኮት ይዛው ሄደች፤ ቀትር ነው፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ሙሉ ገብታለች። ያን አንዱን ቅጠል ለይታ በብርሃኑ ላይ ዘረጋችው።

ብርሃኑ ሁለቱንም ወረቀት አልፎ መጣ። በመሐላቸው የሂዩ ፋዛከርሊ ወፍራም ጽሕፈት ቡናማ ሆኖ ታየ። ዶርካስ ዝቅ ባለ ድምፅ ማንበብ ጀመረች፤ ቶርንሂል ጆሮውን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እሁድ፣ ኦክቶበር ሃያ አምስት ቀን። የጆናስ ሃልሳል ልጅ አምብሮዝ ከጸሎት ቀረ። በሁለተኛው ደወል ሄጄ በጨለማ ክፍል ፀሐይን በወረቀት ላይ ይዞ አገኘሁት። በፀሐዩ መልክ ላይ ጥቁር ነጥብ አሳየኝና ኮከብ ናት አለኝ። ቀለም መስሎኝ በአውራ ጣቴ ጠረግኳት። አልጠፋችም፤ ጥፍሬ ላይ ወጣች። ጣቴን ሳነሳ በቦታዋ ነበረች። ወደ ጸሎት አመጣሁት። ሂዩ ፋዛከርሊ፣ ገበዝ።»

ቶርንሂል ጽሑፉን ራሱ ደግሞ አነበበው፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ኦክቶበር ሃያ አምስት፤ አሥር ሲጨመር፣ ከባሕር ማዶ ኖቬምበር አራት። ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ተጨማደደ። ወደ ዶርካስ ዞረ።

«የእርስዎ ግልባጭ ግን ኖቬምበር አራት ነው የሚለው።»

ትናንት ወደ ምድጃው ሸሽታ ነበር። ዛሬ የምትሸሽበት የለም። ወንድሜ ራሱ እንደዚያ ጽፎት ነበር ብትል ማን ያውቅባታል? ወረቀቱ ነዷል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ ለአንድ ቃል ስትል አምብሮዝን ዝርክርክ ልታደርገው መሆኑ ገባት።

«እኔ ነኝ የለወጥኩት» አለች። «ለባሕር ማዶ ሰዎች ይመቻቸዋል ብዬ። ወንድሜ ኦክቶበር ሃያ አምስት ነው የጻፈው። አሥሩን ቀን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ምልክት አላደረግሁም፤ ትናንት ሲጠይቁኝም ዝም አልኩ።»

«እኔ ደግሞ ሁለተኛ አሥር ጨመርኩበት» አለ ቶርንሂል ቀስ ብሎ። አልሳቀም። «ሌላስ ምን ለወጡ?»

«ሌላ አንድ ፊደል አልነካሁም።»

«ይህን እንዴት አምናለሁ?»

እሱ ካላመናት ቀኑ ብቻ ይድናል እንጂ ሰዓቱ፣ ልኩ፣ ወንድሟ የቆጠረው ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው። ያን ጊዜ ሂዩ ዱላውን በድንጋዩ ወለል ላይ አንድ ጊዜ መታ።

«ስማ የለንደን ልጅ» አለ። «ይህቺ ሴት ማስመሰል ብታውቅበት ኖሮ ሃያ ስድስት ዓመት እንደምን አደሩ እያለችኝ ታልፍ ነበር። አንድም ቀን አላለችኝም። አልነካሁም ካለች አልነካችም።»

ፒርስ ሳቁን መያዝ አቅቶት ዱቄቱን እያራገፈ ወጣ። ቶርንሂል ሽማግሌውን አየ፣ ዶርካስን አየ፤ ቦርሳውን ከፍቶ ቀለምና ወረቀት አወጣ። የመዝገቡን ቃል እንዳለ ገለበጠ። ከሥሩ ቄሱ ፈረመ፤ ሂዩም ፈረመ፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማው ረጅም ጊዜ ወሰደበት። በሌላ ወረቀት ላይ ዶርካስ ያደረገችውን በራሷ እጅ እንድትጽፍ ሰጣት። ጻፈችው። ይህም እንደሚታተም ነገራት፤ ስሟም ከነስህተቷ እንደሚገባ። ይግባ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄደ። ደብዳቤው ባሕር ተሻግሮ እስኪመለስ ዶርካስ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች። መርከብ ሰመጠ የሚል ወሬ በሰማች ቁጥር የሰመጠው ያ ወረቀት የያዘው ይመስላታል። ለንደን ሲቃጠልማ ቶርንሂል ደህና ነኝ፣ ወረቀቶቹም ደህና ናቸው ብሎ እስኪጽፍላት ድረስ አምስት ሳምንት ሙሉ እህል እንደ አፈር ሆነባት። ሊቁ ምን እንዳለ ግን አልጻፈላትም፤ ገና አልመለሰም ነበርና። ክረምት አለፈ፤ ሌላ ክረምት ደገመ።

መጽሐፉ በሁለተኛው ዓመት መከር ላይ በጭነት ጋሪ መጣ። በላቲን የተጻፈ ነው፤ ቶርንሂል ስለ አምብሮዝ የተጻፈበትን ገጽ በአገሩ ቋንቋ ገልብጦ በውስጡ አኑሮላታል። ዶርካስ በሩን ዘግታ ብቻዋን አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ካባዋን ደርባ ወደ ሂዩ ፋዛከርሊ ቤት ሄደች።

ሽማግሌው ከአልጋ ከዋለ ወር ሆኖታል። ዓይኑ አያይም። ግድግዳውን ተደግፎ እንዲቀመጥ አደረገችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«መጣ?» አላት።

«መጣ።»

«እንግዲህ አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። አምብሮዝ ሃልሳል፣ በእንግሊዝ አገር፣ በላንክሻየር። በአሮጌው አቆጣጠር ኦክቶበር ሃያ አምስት፣ በአዲሱ ኖቬምበር አራት። መምህር ሳይኖረው። ስለ ቀኑ የተነሳው ጥርጣሬ ከእህቱ ግልባጭ የመጣ እንደሆነ፣ እህቱም ይህን ራሷ እንደመሰከረች። የደብሩ ገበዝ ነጥቧን በዓይኑ አይቶ በጣቱ ሊጠርጋት እንደሞከረ። ሂዩ እዚህ ላይ አፍንጫውን ነፋ፤ ደስ ሲለው የሚያደርገው ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው መስመር መጣ። ዶርካስ ቆመች።

«ቀጥይ እንጂ» አለ ሂዩ። «አለቀ?»

አለቀ ብትለው የሚያውቅበት የለም። ሰውየው ዓይነ ስውር ነው፤ ምናልባትም ለገና አይደርስም። አንድ መስመር ብትዘል ደግነት ይሆናል። ያን ጸደይ፣ ብዕሯን ይዛ ኖቬምበር ብላ ስትጽፍም እንዲሁ ነበር የመሰላት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጋች።

«ፕላኔቷ ከፀሐይ ፊት ስትወጣ ግን» ብላ አነበበች፣ «አላየም፤ ገበዙ ወደ ጸሎት ወስዶታልና። ስለዚህ የመውጫዋ ሰዓት ጎደለ፤ ይህም በእጅጉ ያሳዝናል።»

የሂዩ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ። ከውጭ የዝይዎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ስሜን ጠርቶታል?»

«አልጠራም። ገበዙ ነው የሚለው።»

«ገበዙ» አለ። «እንዲያው ያሳዝናል?»

«በእጅጉ ያሳዝናል ነው የሚለው፣ አያ ሂዩ።»

ራሱን ነቀነቀ። ዶርካስ ወረቀቱን ልታጥፍ ስትል እጁን ዘርግቶ ክንዷን ፈልጎ አገኘው።

«ድገሚልኝ።»

«የቱን?»

«በጣቴ የጠረግኳትን።»